በመጸው ረግረግ ዳር ወፍ ለማየት፦ ባይኖኩላር፣ ስኮፕ ወይስ ካሜራ?

ወፍ ማየት ልጀምር የሚል ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት እጥፍ የሚያጎላ ልግዛ?" ነው። ለጫካ ወፍ ከሆነ ጥያቄው ክፋት የለውም። ለረግረግ፣ ያውም በመጸው፣ ግን ከሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ወፏ ሳትበረግግ ከየት ሆኜ ላያት እችላለሁ? እዚህ ያሉትን አማራጮች በሙሉ፣ በሁለት ዓይን የሚታይበትን ባይኖኩላር፣ በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ቆሞ በአንድ ዓይን የሚታይበትን ስኮፕ፣ ካሜራንም፣ የመዘንኳቸው በዚህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ምክሬ ሻጮች ከሚነግሯችሁ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጸው ሲገባ ሰሜን ላይ ሲዋለዱ የከረሙ ወፎች ወደ ሞቃት አገር ጉዞ ይጀምራሉ። ረግረግ የመንገዳቸው ስንቅ መያዣ ነው። ጭቃው ውስጥ ያለውን ትልና ነፍሳት እየለቀሙ ስብ ያጠራቅማሉ፤ አንዳንዶቹ ለመነሳት ሲቃረቡ ክብደታቸው እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ባር-ቴይልድ ጎድዊት የሚባል ረጅም ምንቃር ያለው ወፍ፣ የሳተላይት መከታተያ ተደርጎለት፣ ከአላስካ ተነስቶ የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ እስኪደርስ 13,560 ኪሎ ሜትር በረረ። 11 ቀን ሙሉ አላረፈም። ዕድሜው ገና አምስት ወር ገደማ ነበር! ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘው ከመነሳቱ በፊት በለቀመው ምግብ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው "ትንሽ ልጠጋ" ብሎ ወደ ጭቃው ሲወርድ የሚሆነውን አስቡት። መንጋው ግር ብሎ ይነሳል፣ ሁለት ሦስቴ ይዞራል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ያርፋል ወይ ጭራሽ ይሄዳል። ያጠራቀመው ስብ ይቃጠላል፣ የመመገቢያ ሰዓቱም ያልፋል። አንድ ጊዜ ቢሆን ያካክሰው ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲፈራረቅበት ግን ወፉ ለቀጣዩ ጉዞ የሚበቃ ስንቅ ሳይዝ ይቀራል፣ ሳይበቃው ከተነሳ ደግሞ ባሕር መሃል ማረፊያ የለም። ስለዚህ እኔ ጥሩ መሣሪያ የምለው ባለንበት ቆመን እንድናይ የሚያደርገንን ነው።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እንያዝ

*ርቀት።* ረግረግ ገላጣ ነው። ወፎቹ ከናንተ 20 ሜትር ላይ ሊያርፉ ይችላሉ፣ 300 ሜትር ላይም ሊሆኑ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ናቸው። በመጸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የመራቢያ ጊዜው ደማቅ ላባ ረግፎ ብዙዎቹ ግራጫና ቡናማ ይሆናሉ። ወንዱ ዳክዬ ራሱ ላባውን ሲቀይር ለጥቂት ሳምንታት ሴቷን ይመስላል። ስለዚህ የምትለዩት በቀለም ድምቀት ሳይሆን በጥቃቅን ነገር ነው፦ በእግር ቀለም፣ በምንቃር ርዝመትና ጥምዘት፣ በክንፍ ላይ ባለ ነጭ መስመር።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሊትል ስቲንትና ቴሚንክስ ስቲንት የሚባሉ ሁለት ወፎች አሉ፣ ሁለቱም የድንቢጥ ያህል ናቸው። ጭቃ ላይ ሲሯሯጡ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው እግሩ ጥቁር ነው፣ የሁለተኛው ወደ ቢጫ ያደላል። በዚያው ዓመት የተፈለፈለ ሊትል ስቲንት ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች ወደ ጅራቱ እየተጠጋጉ ሲወርዱ ይታያሉ። እግሩ በጭቃ ከተለወሰ ያለው ተስፋ ያ የጀርባ መስመር ብቻ ነው፤ እሱን በ150 ሜትር ርቀት ለማየት የምትይዙት መሣሪያ ወሳኝ ይሆናል።

*ብርሃን።* ረግረግ ላይ ምርጡ ሰዓት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ መጸው ላይ ጉምም አይጠፋም። ባይኖኩላር ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች እዚህ ላይ ነው የሚጠቅሙት። 8×42 ሲል ስምንት እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉት፤ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣላችኋል። ለ8×42 ወደ 5.25 ሚሊ ሜትር፣ ለ10×42 4.2፣ ለኪሷ 10×25 ደግሞ 2.5 ብቻ። እኩለ ቀን ላይ የዓይናችን ብሌን ስለሚጠብብ ልዩነቱ አይሰማችሁም። ጎህ ላይ ግን ብሌን ይሰፋል፣ ያን ጊዜ ትንሿ ክብ አትበቃም፣ ምስሉ ይጨልማል።

*የእይታ ስፋት።* ማጉላቱ ሲጨምር የሚታየው ቦታ ይጠብባል። መደበኛ ባለ 8 እጥፍ ባይኖኩላር በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ከ120 እስከ 140 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ ባለ 10 እጥፉ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 115። የሚበር መንጋ ለመያዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

*መንቀጥቀጥ።* ባይኖኩላር የሚያዘው በእጅ ነው፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ የለም። መሣሪያው ወፏን በሚያጎላበት ልክ የእጃችሁን ንዝረትም ያጎላዋል። ንፋስ ባለበት ሜዳ ላይ ከ10 እጥፍ በላይ በእጅ መያዝ ለብዙ ሰው አያዋጣም።

*ውሃና ጉም።* ውሃ የማያስገባና ውስጡ በናይትሮጅን የተሞላ ይሁን። ካልሆነ ከቀዝቃዛ አየር ወደ ሙቅ ቤት ስትገቡ ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ቆይቶም ሻጋታ ይበላዋል። ለረግረግ ይህ ድርድር የለውም።

*መነጽር ለሚያደርጉ።* ዓይናችሁ ከሌንሱ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት እንደሚችል በሚሊ ሜትር ይጻፋል። መነጽር ካደረጋችሁ ከ15 ወይም ከ16 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ፈልጉ። ከዚያ በታች ከሆነ ዳር ዳሩ ተቆርጦ ይቀርባችኋል፣ ሁልጊዜም ጉድጓድ ውስጥ የምታዩ ይመስላችኋል።

ክብደትና ዋጋ የታወቁ ናቸው፣ እየሄድን እናነሳቸዋለን።

አማራጮቹን አንድ በአንድ

8×42 ባይኖኩላር

አንድ መሣሪያ ብቻ ግዙ ብባል የምመክረው ይህንን ነው። ብሩህ ነው፣ የእይታ ስፋቱ ጥሩ ነው፣ እጅ ላይ ይረጋል። ጎህ ላይም አያሳፍርም። የሚበሩ ዳክዬዎችን ስትከተሉ ወይ ሸምበቆ ውስጥ ብቅ ጥልቅ የምትል ትንሽ ወፍ ስትፈልጉ በፍጥነት ታገኛላችሁ። ክብደቱ ከ600 እስከ 800 ግራም ስለሆነ በቀጭኑ የአንገት ማንጠልጠያ ከሰዓታት በኋላ አንገት ይቆረጥማል፤ በትከሻና በጀርባ የሚታሰረውን ማንጠልጠያ ለብቻው ግዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዕረፍቱ ግን ብዙ።

ድክመቱ ርቀት ነው። ትልልቆቹን ወፎች በሩቅ ትለያላችሁ፣ ትንንሾቹን የጭቃ ዳር ወፎች ግን ከ100 ሜትር ካለፉ "የሆነ ነገር ነው" ከማለት አታልፉም። ፈተናው የሚመጣውም ያኔ ነው፤ እግራችሁ ሳታስቡት ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን የገዛ ሰው "ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልለየው ልተወው" ማለት መልመድ አለበት። ሳይለዩ መተው ምንም ነውር የለበትም፣ ልምድ ያላቸው ሰዎችም በየቀኑ ያደርጉታል።

ዋጋው ዝቅ ያለ ከፈለጋችሁ ቅርጹን ተመልከቱ። ቱቦው ቀጥ ያለው አሠራር ውስጡ ውስብስብ ስለሆነ ርካሹ ብዥ ይላል። ትከሻ ያለው የድሮው ቅርጽ በተመሳሳይ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የጠራ ምስል ይሰጣል። ነገር ግን ከነዚህ ብዙዎቹ ውሃ ያስገባሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

10×42

ክፍት ሜዳ ላይ ስለሆንኩ ይበልጥ ይጉላልኝ የሚል ሰው ወደዚህ ይሄዳል። ትክክል ነው፣ ለረግረግ ከጫካ ይልቅ ይስማማል። የእግር ቀለም፣ የምንቃር ጫፍ፣ የክንፍ ነጭ መስመር ትንሽ ቀድሞ ይታያል። በምትኩ ግን ከብርሃኑም፣ ከእይታ ስፋቱም፣ ከመረጋጋቱም ትንሽ ትንሽ ታጣላችሁ። እጃችሁ የረጋ ከሆነና የግድግዳ ወይም የአጥር መደገፊያ ባለበት ቦታ የምታዩ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ስኮፕ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ግን በ8 እጥፉ ቆዩ፤ ሩቁን ስኮፑ ይሠራዋል፣ ባይኖኩላሩ ደግሞ ሰፊ ቦታ ቶሎ እንዲያሳያችሁ ነው የምትፈልጉት።

8×32 እና የኪስ ባይኖኩላሮች

8×32 ከ450 እስከ 600 ግራም ይመዝናል። ለልጆች፣ አንገታቸውን ለሚያማቸው፣ ብዙ ለሚጓዙ ሰዎች ደስ የሚል ነው። ቀን ላይ ከ42ቱ ጋር ያለው ልዩነት እምብዛም ነው፣ ምሽት ላይ ግን ቀድሞ ይጨልማል።

8×25 እና 10×25 የኪስ ናቸው። ከምንም ይሻላሉ። ከዚህ በላይ የምላቸው የለኝም፤ ረግረግ ላይ የመጀመሪያና የመጨረሻ መሣሪያ አድርጋችሁ አትግዟቸው።

ንዝረት የሚያረጋጉት

በባትሪ የሚሠሩ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያጠፉ ባይኖኩላሮች አሉ፣ 12×36 ለምሳሌ። አዝራሩን ስትጫኑ ምስሉ ፀጥ ይላል፣ መጀመሪያ ላይ የሞከረ ሰው ይገረማል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች፣ በዕድሜም ይሁን በሕመም፣ ከሁሉ በላይ የምመክረው ይህን ነው። ስኮፕና ትራይፖድ መሸከም ለማይችሉም ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ሁሉም ደግሞ ውሃ የሚቋቋሙ አይደሉም፤ የመጨረሻውን አጣሩ።

ስኮፕ በትራይፖድ

የረግረግ እውነተኛ መሣሪያ ይህ ነው። ከ20 እስከ 60 እጥፍ ያጎላል። ከወፎቹ 200 ወይም 300 ሜትር ርቃችሁ፣ አንድም ወፍ ቀና ሳይል፣ ምንቃራቸውን ጭቃ ውስጥ እየሰደዱ ሲለቅሙ ታያላችሁ። ረጅም ምንቃር ያላቸው ትል ጎትተው ሲያወጡ፣ ውሃ ውስጥ አጥበው ሲውጡ ይታያል። ሰው እንዳለ የማያውቅ ወፍ ምን እንደሚሠራ ማየት የምትችሉት በዚህ ነው፣ በባይኖኩላር የምታዩት ወፍ ብዙውን ጊዜ እናንተንም እያያችሁ ነው።

ምርጫው ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ የፊት ሌንሱ ስፋት። 60 ወይም 65 ሚሊ ሜትር ያለው አንድ ኪሎ ግራም ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፣ 80 ወይም 85 ያለው ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ትልቁ ጎህና ምሽት ላይ በግልጽ ይበልጣል። ከመኪና ብዙ የማትርቁ ከሆነ ትልቁን፣ ብዙ የምትሄዱ ከሆነ ትንሹን ውሰዱ፤ ቤት የተቀመጠ ትልቅ ስኮፕ ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ 60 እጥፍ የሚለው ቁጥር አያታልላችሁ። በ80 ሚሊ ሜትር ሌንስ 60 እጥፍ ላይ ወደ ዓይን የሚገባው ክብ 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ይጨልማል። በዚያ ላይ ፀሐይ ከፍ ስትል ከጭቃው ላይ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፣ ይህ ደግሞ በውድም በርካሽም ስኮፕ አይታረምም። አብዛኛውን ጊዜያችሁን ከ25 እስከ 40 እጥፍ ላይ ነው የምታሳልፉት። ስለዚህ በ30 እጥፍ ጥርት ብሎ የሚያሳየውን ምረጡ።

ሦስተኛ፣ የዓይን ሌንሱ ጎንበስ ያለ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? ጎንበስ ያለውን እመክራለሁ። ቁመታቸው የተለያየ ሰዎች ትራይፖዱን ሳይነካኩ ተራ በተራ ያዩበታል፣ ትራይፖዱም ዝቅ ብሎ ስለሚቆም ንፋስ አያንቀጠቅጠውም። ቀጥ ያለው ወፏን ቶሎ ለማግኘት ይቀላል፣ ከመኪና መስኮት ለማየትም ይመቻል።

ትራይፖዱ ላይ አትሰስቱ። ጥሩ ስኮፕ በደካማ ትራይፖድ ላይ ሲቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው፤ ንፋሱ ትንሽ ሽው ባለ ቁጥር ምስሉ ይርበተበታል። የመሃሉን ምሰሶ አታውጡት፣ እግሮቹን አስፍታችሁ ትከሉ፣ ከቻላችሁ ቦርሳችሁን መሃሉ ላይ አንጠልጥሉ።

ጉድለቱም አይካድም። የሚበር ወፍ በስኮፕ መያዝ ከባድ ነው፣ ቅርብ ያለ ወፍ ላይ አይጠቅምም፣ ተሸክሞ መሄድም ያደክማል። ባይኖኩላርን አይተካም። አብሮት የሚሄድ ነው።

ካሜራ

ሁለት ዓይነት ሰው ካሜራ ያስባል። አንደኛው ወፏን ለመለየት ማስረጃ የሚፈልግ ነው። ለሱ ሌንሱ የማይነቀል፣ ዙሙ በጣም ረጅም የሆነው ካሜራ በቂ ነው። የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ሩቅ ያለች ወፍ አንስቶ ቤት ሄዶ በእርጋታ መጽሐፍ ገልጦ ማመሳከር ይቻላል። ለጀማሪ እውነት ይረዳል። ጎህ ላይ ግን ምስሉ ይሻክራል፣ የሚበር ወፍ ላይ ለማነጣጠር ይዘገያል፣ በትንሿ ስክሪን ሰዓታት ማየትም ዓይን ያደክማል። ባይኖኩላር ሳይገዙ ይህን መግዛት አልመክርም።

ሁለተኛው ቆንጆ ፎቶ የሚፈልግ ነው። 400 ወይም 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልገዋል (እዚህ ላይ ቁጥሩ የሌንሱ የፊት ስፋት ሳይሆን የትኩረት ርቀቱ ነው፤ ሲበዛ ይበልጥ ያቀርባል)፣ ከባድ ነው፣ ዋጋውም ከጥሩ ስኮፕ ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። በመጸው ረግረግ ላይ ወፎችን በብዛት የሚያስነሳው ፎቶ ፈላጊ ነው። መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ስኮፕ በ250 ሜትር የሚያረካ እይታ ይሰጣል፣ ካሜራ ግን በ250 ሜትር የሚያረካ ፎቶ አይሰጥም፤ ባለቤቱን ሁሌም "ትንሽ ቅረብ" ይለዋል። ፎቶ ከወደዳችሁ መደበቂያ ጎጆ ውስጥ ተቀመጡና ወፏ ራሷ እስክትመጣ ጠብቁ። እንዲህ የተነሳ ፎቶ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ወፏ ዘና ብላ ትመገባለች እንጂ ጀርባዋን ሰጥታ አትሸሽም።

ስልካችሁን በማያያዣ ከስኮፑ ጋር ማገናኘትም ይቻላል። ፎቶው ለመጽሔት አይበቃም፣ ወፏን ለመለየትና ሌላ ሰው ለመጠየቅ ግን ከበቂ በላይ ነው። ስኮፕ ላላቸው ሰዎች ሌላ ካሜራ ከመግዛት ይህ ያዋጣል።

በአጭሩ ጎን ለጎን

| አማራጭ | ትንሽ ወፍ ከሩቅ ለመለየት | ጎህና ምሽት | የሚበር ወፍ ለመከተል | ሸክም | ዋጋ (ከሌሎቹ ጋር ሲታይ) | ለመጠጋት ይፈትናል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 8×42 | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ | ትንሽ |
| 10×42 | ከመካከለኛ በላይ | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ | ትንሽ |
| 8×32 | መካከለኛ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ቀላል | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ | ትንሽ |
| የኪስ 8×25፣ 10×25 | ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ | አዎ |
| ንዝረት የሚያረጋጋ 12×36 | ጥሩ | መካከለኛ | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ትንሽ |
| ስኮፕ 60–65 ሚ.ሜ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ደካማ | ከባድ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | አይፈትንም |
| ስኮፕ 80–85 ሚ.ሜ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ደካማ | በጣም ከባድ | ከፍተኛ | አይፈትንም |
| ረጅም ዙም ካሜራ | ጥሩ | ደካማ | ደካማ | ቀላል | መካከለኛ | አዎ |
| ካሜራ ከ400–600 ሚ.ሜ ሌንስ ጋር | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | በጣም ከባድ | በጣም ከፍተኛ | በጣም |

የመጨረሻው አምድ የኔ ግምት ነው፤ ሰውየው ከመሣሪያው ይበልጣልና። ግን ራሳችሁን የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ ከዚያ አንጻር አንብቡት።

የቱ ለማን?

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነና ገና ልትሞክሩት ከሆነ፦ ውሃ የማያስገባ 8×42፣ አዲስ ርካሽ ከምትገዙ ያገለገለ ደህና። ያገለገለ ስትገዙ እንዲህ ፈትሹ። ሩቅ ያለ ምሰሶ ወይ የጣራ ጠርዝ ላይ አነጣጥሩ፤ ሁለቱ ቱቦዎች ተጣጥመው አንድ ምስል ካልሰጡ ወይም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዓይናችሁን ካመማችሁ አትግዙት፣ መስመሩን ስቷል። ከዚያ ገልብጡትና በትልቁ ሌንስ በኩል ወደ ብርሃን እያያችሁ ውስጡን መርምሩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው። ውጪው መቧጨሩ ግድ የለም።

መካከለኛ ገንዘብ ካላችሁ፦ መካከለኛ 8×42 ከነ ጥሩ ማንጠልጠያው፣ የቀረውን አስቀምጡ። ገንዘቡን ለሁለት ከፍላችሁ ደካማ ባይኖኩላርና ደካማ ስኮፕ አትግዙ፣ ሁለቱም ያናድዷችኋል።

በየሳምንቱ የምትሄዱና ቆጠራ ላይ የምትሳተፉ ከሆነ፦ 8×42 ከ65 ሚሊ ሜትር ስኮፕ ጋር። ይህን ጥምረት ይዞ የተጸጸተ ሰው አላውቅም።

ለቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበር፦ አንድ ጎንበስ ያለ ዓይን ያለው ስኮፕ በጠንካራ ትራይፖድ ላይ፣ ከሁለት ሦስት ቀላል 8×32 ጋር። ሃያ ልጅ ሃያ ርካሽ ባይኖኩላር ይዞ ጭቃ ዳር ከሚራወጥ፣ አንድ ስኮፕ ጋ ተሰልፎ አንድን ወፍ በደንብ ቢያይ ይሻላል። ለልጁም ለወፉም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩ። የዓለም ስደተኛ ወፎች ቀን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሜይና በኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ ይከበራል፤ የኦክቶበሩ ከመጸው ጉዞ ጋር ይገጥማል። በዚህ ቀን በብዙ ቦታ ስኮፕ ተተክሎ ለመጣ ሁሉ ይታያል። የሰው ስኮፕ ላይ አሥር ደቂቃ ማሳለፍ አንድ ሳምንት ከማንበብ ይበልጣል።

ከየት ሆናችሁ ታያላችሁ?

መሣሪያው ግማሹ ነው። ቦታውም ይነጻጸራል።

መደበቂያ ጎጆ ካለ እሱን ምረጡ። ወፎቹ ለምደውታል፣ እናንተ ተቀምጣችኋል፣ የቀረው ድምፅ መቀነስና እጅን በመስኮቱ አለማውጣት ነው። ሁለተኛው መኪና ነው፤ ብዙ ወፎች በእግር የሚሄድን ሰው ይሸሻሉ እንጂ የቆመ መኪናን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ሞተሩን አጥፉ፣ በሩን አትክፈቱ፣ ስኮፑን መስኮት ላይ በሚታሰር ማያያዣ ትከሉ። በእግር ከሆነ ረግረጉ ዳር ባለ የአፈር ግድብ አናት ላይ አትሂዱ። ከሰማዩ ፊት ለፊት ጥላችሁ ተቀርጾ ስለሚታይ ከሩቅ ነው የምታስነሷቸው፣ ከጀርባው ሆናችሁ ዝቅ ብላችሁ ተራመዱ። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ፣ አለዚያ ውዱም መሣሪያ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚያሳያችሁ።

ባሕር ዳር ያለ ረግረግ ከሆነ የባሕሩ ውሃ በየቀኑ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት አስቀድማችሁ እወቁ። ውሃው ሲሞላ ጭቃው ይሸፈናል፣ ወፎቹም ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይገፋሉ። ቀድማችሁ ደርሳችሁ ከተቀመጣችሁ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ውሃው ሞልቶ የሚያርፉባት ትንሽ ደረቅ ቦታ ላይ ግን በጭራሽ አትጠጉ፣ ሌላ መሄጃ የላቸውም።

ጀልባ አልመክርም፤ ወፎቹ ከሰው ርቀው ለማረፍ የመረጡትን ውሃ ነው የምትነጥቋቸው። ድሮን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ለወፍ ድሮን ከላይ የመጣ ጭልፊት ነው፣ መንጋውን በሙሉ ያስነሳል። ውሻችሁንም ቤት ተዉት።

ልክ የሆነውን ርቀት የምትነግራችሁ ወፏ ናት። መመገቧን ትታ አንገቷን ካስረዘመች፣ ወደናንተ እያየች ወደ ሌላ ጎን መራመድ ከጀመረች፣ ጎረቤቶቿም ተከታትለው ቀና ካሉ፣ ቀርባችኋል። ያን ጊዜ ሳትሮጡ ወደ ኋላ ተመለሱ። እስክትበር ከጠበቃችሁ ምልክቱን አሳልፋችኋል።

ያያችሁትን ምን ታደርጉበታላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1971 ራምሳር በምትባል የኢራን ከተማ የተፈረመው የረግረጋማ ቦታዎች ስምምነት ዛሬ ከ2,400 በላይ ቦታዎችን በዝርዝሩ ይዟል። ሆኖም በዚሁ ስምምነት የ2018 ሪፖርት መሠረት ከ1970 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ብቻ ከዓለም ረግረጋማ ቦታዎች 35 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። አንድ ረግረግ ሊደፈን ሲታሰብ "እዚህ ምንም የለም" የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚያ መልስ የሚሆነው ለዓመታት የተጻፈ ቆጠራ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወፉን ዓይነትና ብዛት ጻፉ። ኮርኔል ላብ (የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ተቋም) በ2002 የጀመረው ኢበርድ የሚባለው መተግበሪያ የማንንም ሰው ምዝገባ ይቀበላል፣ በነፃ ነው። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ደግሞ ከ1967 ጀምሮ በየጃንዋሪው ይካሄዳል፣ አብዛኞቹ ቆጣሪዎች ፈቃደኞች ናቸው።

ስኮፕ ያላቸው አንድ ተጨማሪ ሥራ አላቸው። ተመራማሪዎች ጉዞውን ለመከታተል እግሩ ላይ ቀለም ያለው ቀለበት ወይም ፊደል የተጻፈበት ምልክት ያሰሩለት ወፍ ካያችሁ ሁሉንም መዝግቡ፦ የትኛው እግር፣ ከጉልበት በላይ ወይስ በታች፣ ቀለሞቹ ከላይ ወደ ታች በምን ቅደም ተከተል፣ ፊደሉ ምንድን ነው። ያላነበባችሁትን በግምት አትሙሉ፣ አንድ የተሳሳተ ቀለም ወፉን ሌላ ወፍ ያደርገዋል። ለአገራችሁ የቀለበት ማዕከል ስትልኩት ወፉ የት እንደተያዘና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ይመልሱላችኋል።

ሌሎች ሲበሩ የማይነሳ፣ ክንፎቹ በጎንና ጎን የወረዱ ዳክዬም ካያችሁ ልብ በሉ። አንዱ ምክንያት የሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) መመረዝ ነው። ከአደን የሚቀሩትን ጥቃቅን የሊድ ጥይቶች ወፎቹ ምግብ መፍጫ ጠጠር መስሏቸው ይውጧቸዋል። አሜሪካ ለውሃ ወፎች አደን እ.ኤ.አ. በ1991፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በረግረጋማ ቦታዎች በ2023 ከልክለውታል፤ የተተኮሰው ግን ጭቃው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሌላው ሊሆን የሚችለው የወፍ ጉንፋን ነው። ስለዚህ የታመመም ሆነ የሞተ ወፍ በእጃችሁ አትንኩ፣ ልጆችንም አስጠንቅቁ። ቦታውን ምልክት አድርጉ፣ በስኮፑ በኩል በስልክ ፎቶ አንሱና ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ወደ ሌላ ረግረግ ከመሄዳችሁ በፊት የጫማችሁን ጭቃ እዚያው አራግፋችሁ እጠቡት፣ የትራይፖዱን እግሮችም ጭምር።